ባዶውን የበላሁት ቆጮ

የጓዳ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ሥራዬ የሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደረሰኝ ጋር ስታገል እውላለሁ። ልቤ ግን ምግብ ላይ ነው። መብላቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። ማን ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያበስለው ማወቅና መጻፍ እፈልጋለሁ። ባለ 100 ገጽ ደብተር ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። እስካሁን የተጻፈበት ስሜ ብቻ ነው።

የሕንድ፣ የኮሪያ፣ የጣሊያን ምግብ በስልኬ አያለሁ፤ የሚገባበት ነገር ግን ጅማ የለም። አንዳንዴ ልሞክር ስል ሩዙም ባቄላውም በተባለው ሰዓት አይበስልልኝም። ጥሩ ካሜራ የለኝም። ደግሞ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ያልበላሁትን እንዴት እጽፋለሁ? ጓደኞቼ «ማን ያነበዋል? ይልቅ አብስለሽ አብዪን» ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

ሰ. ከጅማ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስምሽ ብቻ ያለበት ደብተር አሳቀኝ። ግን ከኔ የመጀመሪያ ደብተር ይሻላል። የኔ ባላወቅሁት ነገር የተሞላ ነበር።

እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው። ከጎናችን የየም ተወላጅ የሆኑ እናት ነበሩ። ቤታቸው እንደ ቤቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ስለ ጎረቤቶቻችን ምግብ ጻፍኩ። አንድ ቀን ከእሳቸው ምጣድ ላይ አንድ ቁራሽ ቆጮ አንስቼ እየሮጥኩ በልቼ ነበር። በዚያች ቁራሽ ተነሥቼ «ቆጮ ደረቅ ነው፤ ይጎመዝዛል፤ ጣዕም የለውም» ብዬ ፈረድኩ። ልጃቸው ከኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚማረው። ማታውኑ ወሬው ቤታቸው ገባ።

በማግስቱ አስጠሩኝ። ቁጣ ጠብቄ ሄድኩ። ያቺን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሰጡኝ። ሰፌድ ላይ አንድ እንጀራ አደረጉና «ብዪ» አሉኝ። ወጥ የለም። ጨው እንኳ የለም። እያፈርኩ ሁለት ጉርሻ ዋጥኩ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው… ግን ወጡ…»

«ይጎመዝዛል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው እሱንም ጻፊው።»

ከዚያ ቆጮውን በወጉ አቀረቡልኝ። ውኃው በጨርቅ ተጨምቆ፣ ቃጫው በቢላ ተከትክቶ፣ ታሽቶ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ የበሰለ ትኩስ ቆጮ። አጠገቡ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ አይብ፣ ኮረሪማ የገባበት ቅቤ። መጎምዘዙ ለካ ለቅቤው ነው! ቅቤው ብቻውን ይከብዳል፤ ቆጮው ያቀልለዋል። ያ እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲብላላ እንደከረመ የነገሩኝም ያን ቀን ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ሩጫ ፈረድኩበት።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከሰው ጓዳ ጀምሪ። ስልኩ ይቆይሽ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሆኖብሽ ነው እንጂ ጅማ ላይ ተቀምጦ የሌላ ሕዝብ ምግብ አጣሁ አይባልም። ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው በአንድ ሰፈር ነው የሚኖረው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከሶማሌ እስከ ትግራይ፣ ከጋምቤላ እስከ አፋር ልጅ ይሰበስባል። የካፌ ምግብ የሰለቻት ተማሪ ፈልጊና «እናትሽ ምን ትሠራልሽ ነበር?» በያት። ምሳ ሰዓትሽ እዚያው ያልቃል።

አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ምግብ። በአንድ ገጽ «የኦሮሞ ምግቦች» ብለሽ አሥር ስም አትደርድሪ። የአንዲት እናት ማርቃ ይበቃል። ገንፎ ነው ብለሽም አትለፊው። ዱቄቱ የምንድን ነው? ውኃው ሲፈላ ነው የሚገባው ወይስ ቀድሞ ይበጠበጣል? ማማሰያው ምን ይመስላል? መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤው የሚፈስሰው መቼ ነው? ማን ቀድሞ ይቆርሳል? ለአራስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ አለው። ስሙንም ባለቤቶቹ በሚጠሩበት ጻፊው። ጨጨብሳን ጨጨብሳ በይው። ጭኮን «የገብስ ኬክ» ያለ ሰው አይቻለሁ፤ ምን አሳነሰው? የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ነው፤ ይኸው አለቀ።

ስም አንዳንዴ ታሪኩን ይዞ ይመጣል። ቡና ቀላን ተመልከቺ። የቡናው ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ተቆልቶ ይበላል። «ቀላ» በኦሮምኛ ማረድ ነው። ፍሬው ጫፉ ሲነከስ እንደ መታረድ ይቆጠራል። ቡና የሚታረድበት አገር ተቀምጠሽ ማኪያቶ ብቻ ብትጽፊ አዝንብሻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ፈቃድ ካገኘሽ ሕርማታ ውረጂ። የሕርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመንም ስመ ጥር ነበር። ቅመም ተራ ሂጂ። ሻጯን ግን ሥራ አታስፈቻት፤ መጀመሪያ ትንሽ ግዢ፣ ከዚያ «ይህን እናንተ ቤት ምን ውስጥ ትጨምሩታላችሁ?» በያት። አጠገቧ ያለችው «የለም፣ እኛ እንደዚያ አናደርግም» ትላለች። ክርክር ይነሣል። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።

«ግብዓቱ ጅማ የለም» ያልሽውንም እዚያው ትተዪዋለሽ። የሕንድ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ። ከዚህ ውስጥ ሕርማታ የሌለውን ንገሪኝ። እርዱና ቁንዶ በርበሬው እንዲያውም ከቴፒ በኩል ይመጣል። የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ከሽንኩርት እንጀምራለን፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ በርበሬው ይከተላል፣ ምስሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሕንዶቹ ምስሩን በእርድ ብቻ ቀቅለው ያቆዩታል። መጨረሻ ላይ በትንሽ መጥበሻ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ያግላሉ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩበታል፣ ከሙኑ ሲንጣጣ በትኩሱ ምስሩ ላይ ይደፉታል። ጭስስ ይላል። ያው ምስር፣ ያው ቅመም፣ ሌላ ወጥ። ሁለቱን በአንድ ቀን ሠርተሽ ጎን ለጎን ቅመሺና የቀመስሽውን ጻፊ። ይህ ለመጀመሪያ ገጽ ይሆናል።

አብሽን ብቻ ተከትለሽ ደግሞ ሩቅ ትሄጃለሽ። እኛ በርበሬና ሽሮ ውስጥ እንከተዋለን። የመኖች ዱቄቱን በውኃ ዘፍዝፈው አረፋ እስኪሆን ይመቱታል፤ ሑልባ ይሉታል፣ ትኩስ ወጥ ላይ ይጭኑታል። ሐረሪዎችም ሑልበት አላቸው። የሰፈሩን ሱቅ «አረብ ቤት» እያልን ያደግን ሰዎች አረቦቹ ማታ ቤታቸው ምን እንደሚበሉ ሳንጠይቅ ቀረን። እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የኮሪያውን ኪምቺ ከሞከርሽ አንድ ነገር ጠንቀቅ በይ። የኛን የተደለዘ በርበሬ እንዳትጨምሪ። ኮረሪማና ሌላ ቅመም ስላለበት ሌላ ነገር ይሆናል። ዛላውን በርበሬ ፍሬውን አራግፈሽ ለብቻው ሸርክት አድርገሽ አስፈጪ። ጥቅል ጎመን፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል አለሽ። ኮሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ይጨምሩበታል፤ ያንን ካላገኘሽ «ያለ ዓሣ ሠራሁት፣ ጎመኑም የነሱ ዓይነት አይደለም» ብለሽ ጻፊ። የቀየርሽውን መናገር አያሳፍርም። የቀየሩትን ደብቆ «ትክክለኛው የኮሪያ ኪምቺ» ማለት ነው የሚያሳፍረው። (የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርሱ ያንን ጎመን መጀመሪያ የቀመሰው ምን ብሎ ይሆን? የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይጻፍልኝ።)

በርበሬ ራሱም የማናችንም አልነበረም። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በፈረንጆቹ ከ1492 በፊት ሕንዱም ኮሪያውም እኛም አናውቀውም ነበር። ሕንዶቹ ቁንዶ በርበሬ ነበራቸው፤ እኛ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚለቀም ጥምዝ አለን። ጥምዝን አንድ ቀን ቀጥቅጠሽ ቅቤ ላይ ሞክሪው።

ሩዙና ባቄላው አልበስል ያለሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 94 አካባቢ ነው። ሲፈላ ብታዪውም ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሰው «ፓስታውን 8 ደቂቃ» ካለሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሪ፣ ቀምሰሽ አውጪ። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፊው። ኬክ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቶሎ ይነፋና ይወድቃል፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሺለት። ይህን የሚጽፍልን ሰው ስለሌለ ነው ስንቱ ኬክ መሐሉ ሰምጦ «እጄ አይባረክም» የምንለው።

ፈረንጅ አራዳ ስለሆንሽ ጣሊያኑን ሳላነሳ አላልፍም። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደሩ መቀመጫ አድርጓት ነበር። ሕንፃዎቹን በየቀኑ ታልፊያቸዋለሽ። ፓስታው ቀረልን፤ የሚገርመኝ ያልቀረው ነው። ሰሜን ጣሊያኖች ፖሌንታ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውኃ እየተማሰለ የሚሠራ። ገንፎ ነው እኮ! ቅቤና አይብ ያደርጉበታል። ከጎረቤትሽ ማርቃ ጋር አንድ ትሪ ላይ ብታቀርቢው የትኛው ከየት እንደመጣ አማትሽ አይለዩትም።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄሽ። ሥጋው የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ አንቺም እነሱም ድንበራችሁን ታውቃላችሁ። ሠርግ ላይ እንኳ ለእንግዳው ለብቻው አርዶ፣ ለብቻው አሠርቶ የሚያቀርብ ሕዝብ ነው ያለን። አንቺ ግን ጓዳውን ሁሉ ሥጋ አደረግሽው። ማርቃው፣ ጨጨብሳው፣ ጭኮው፣ ቆጮው፣ ቀሪቦው፣ ብርዙ የት ሄደ? ጾም ከሆነ ደግሞ ጨጨብሳውን በዘይት አድርጉልኝ ብትያቸው የሚከፋው የለም። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ሂጂ። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳንቡሳው አለ፤ ባለ ምስሩን ሳንቡሳ ትበያለሽ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። የሥጋ ምግብ ከሆነ አልበላሽም፤ ስለዚህ ስለ ጣዕሙ አንዲት ቃል አትጻፊ። ባለሙያዋ ስትሠራ ተቀምጠሽ እዪ፣ የምትለውን በራሷ አነጋገር ጻፊ፣ «እኔ አልቀመስኩትም» ብለሽ ጨምሪበት። አንባቢ ይህን ያከብራል።

እሷም እንድትጻፍ ፈቅዳ እንደሆነ ጠይቂ። ስሟ እንዲወጣ የማትፈልግ አለች፤ «የሰፈሬ እናት» ይበቃል። ስሟ እንዲወጣ የምትፈልግም አለች፤ የእሷን በራስሽ ስም ካወጣሽው ቡና ላይ የሚነሣው ወሬ አይጣል ነው።

ካሜራውን ተዪው። ስልክሽ ይበቃል። አምፖሉን አጥፊና ድስቱን መስኮት አጠገብ አድርጊ። በክረምት እንደምታውቂው ከሰዓት በኋላ ይጨልማል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ መቅዳትም አይቻልም፤ ጠዋት ሥሪ።

ጓደኞችሽን አብዪያቸው። እየበሉ የሚሉትን ጻፊ።

ጥያቄ፦ ጎደሬ ገዝቼ ቀቅዬ በላሁ። ጉሮሮዬን ክፉኛ አሳከከኝ። መርዝ ነው እንዴ? የጎረቤቶቼ ልጆች ግን እንደ ድንች ይበሉታል።

መ. ከጅማ

መልስ፦ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ አልበሰለም ማለት ነው። ጥሬ ጎደሬ ውስጥ ዓይን የማያያቸው መርፌ የመሰሉ ስስ ነገሮች አሉ፤ ጉሮሮ የሚያሳክኩት እነሱ ናቸው። ስትልጪውም እጅ ያሳክካል። በደንብ ቀቅዪው፣ ውኃውን ድፊው። ቢላ ሲሰካበት ያለ ምንም ትግል መግባት አለበት። ጎረቤቶችሽ የሚያውቁት ይህንን ነው። ሳትገዢ በፊት እነሱን ብትጠይቂ ኖሮ ደብዳቤ ባላስፈለገሽ።

ጥያቄ፦ ከቤት ወጥቼ ለብቻዬ የምኖር ወንድ ነኝ። የእናቴን ዶሮ ወጥ መጻፍ ፈልጌ ስንት በርበሬ፣ ስንት ቅቤ ስላት «በእጄ ነው የምለካው» ትለኛለች። እኔ ያ እጅ የለኝም። ወንድሞቼም ማጀት ገባህ ብለው ይስቁብኛል።

ተ. ከአጋሮ

መልስ፦ ወንድሞችህ ወጡ ሲደርስ መሳቁን ያቆማሉ።

እናትህን «ስንት?» ብለህ አትጠይቃት። አታውቀውም፤ እጇ ነው የሚያውቀው። አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ተዋስ። ከመጀመሯ በፊት የበርበሬውን ዕቃ ከነክዳኑ መዝን። 500 ግራም ሆነ እንበል። እንደለመደችው ትጨምር፣ በመሐልም ትድገም። ወጡ ሲወጣ ዕቃውን መልሰህ መዝን። 430 ከሆነ 70 ግራም ገብቷል ማለት ነው። ቅቤውንም፣ ጨውንም፣ ቅመሙንም እንደዚሁ። ሽንኩርቱን ከተላጠ በኋላ መዝነው፤ የኛ ዶሮ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሰዓቱንም ያዝ፤ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደተቁላላ ካልጻፍክ የቀረው ቁጥር አይጠቅምህም። በሌላ ቀን ድገመው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፣ መሐላቸውን ውሰድ።

ሚዛኑን ግን ስታበስል አታሳያት። እጇ ወይ ይሰስታል ወይ ይለግሳል። እኔ የእናቴን ስመዝን ተያዝኩ፤ ጭልፋውን እንደያዘች ዞር ብላ «ምነው፣ የሰረቅኩት አለ?» አለችኝ።